እጁን የያዘው ማን ነበር?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ በዋዜማው ምሽት፣ አራት ኪሎ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ዝናቡ ገና አሁን አባራ። መንገዱ ላይ ሰው ዶሮ አንጠልጥሎ፣ ቄጠማ ታቅፎ ይጣደፋል። የዶሮው ሽንኩርት ከቀትር ጀምሮ እሳት ላይ ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶ እኔ ጋ ደርሷል። የእህቴ ልጆች አደይ አበባቸውን ባልዲ ውስጥ ነክረው ለነገ ዘፈናቸውን ይለማመዳሉ።

ሌላ ጊዜ በዓል ሲመጣ የምጽፍላችሁ ስላለፈው ዓመት ነበር። ዘንድሮ ስለ ፊልም ልጻፍላችሁ። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የአክስቴ ልጅ አንድ ጥያቄ አነሣች። "ካያችሁት ፊልም ሁሉ የማትረሱት ቦታ የቱ ነው? ሙሉ ፊልሙን አይደለም፤ አንዲት ቦታ ብቻ።" ቀላል መስሎን ነበር። በረካው ተጠጥቶ፣ ጀበናው እስኪቀዘቅዝ አወራን።

መጀመሪያ የመለሱት ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ሰማንያ ሊደፍኑ ነው። "የሕንዷ እናት!" አሉ ወዲያው። ማዘር ኢንዲያን ማለታቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን። ልጇ የመንደሩን ልጅ በሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሊያመልጥ ሲል፣ እናቱ ጠመንጃ አንሥታ ትመታዋለች። ከዚያ ሮጣ ታቅፈዋለች። እማማ ፊልሙን ያዩት ገና ልጃገረድ ሳሉ ነው። መጀመሪያው ጠፍቶባቸዋል። ዘፈኖቹ ጠፍተውባቸዋል። ያቺ እናት ግን አልጠፋችም። "ተኩሳ መልሳ ታቅፈዋለች እኮ! የወለደ አንጀት እንዴት ቻለው?" አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ስንት ዘመን አልፎ፣ ስንት የራሳቸውን ሐዘን አሳልፈው፣ ለአንዲት የፊልም እናት ዛሬም ያለቅሳሉ።

ሲኒማ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን ማሳያ ሕዝቡ "ሰይጣን ቤት" ብሎት ነበር። ይህን ሲነግሩን ብዙ ጊዜ እንስቃለን፤ የድሮ ሰው አላዋቂነት አድርገን እናየዋለን። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። እነዚያ ሰዎች አንድ እውነት ገብቷቸዋል። ከዚያ ጨለማ ክፍል ስትወጣ አንድ ነገር ተከትሎህ ቤት ይገባል። አብሮህ ያድራል። አንዳንዱ አርባና ሃምሳ ዓመት ይቀመጣል።

የእህቴ ትንሹ ልጅ የመረጠው በግ ነው። ያሬድ ዘለቀ የሠራውን ላምብን አይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል የቀረበውን። እዚያ ላይ ያለው ልጅ የሚወዳትን በጉን አጎቱ ለበዓል ሊያርድበት ነው። ልጁ ሳምቡሳ እየሠራ፣ በድብቅ እየሸጠ የመሳፈሪያ ያጠራቅማል። ይኸው የእኛው ልጅ ትናንት ግቢ ውስጥ ከታሰረው በግ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሣር ሲያጎርሰው አየሁ። ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩትም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ሁለት አሉኝ አልኩ። ሁለቱም ስለ እጅ ናቸው።

አባቴ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ማታ ሲገባ እጁን በነጭ ጋዝ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠባል። ቢሆንም በጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ቀለም አይለቅም። ለእንቁጣጣሽ አንዳንድ ዓመት ዴክና ካሴት ይከራይልን ነበር። ሲቲ ላይትስን ያየሁት እንደዚያ ነው፤ ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣውን። ያኔ ፊልም መናገር ጀምሯል፤ ቻፕሊን ግን ድምፅ አልባ አድርጎ ሠራው። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ድሃውን ሰውዬ ሀብታም ነው ብላ ታስባለች። መጀመሪያ የሚገናኙበትን ቦታ ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ እንደቀረጸው ይነገራል። ሀብታም የመሰላት ለምን እንደሆነ ማሳመን ነበረበት። መልሱ የመኪና በር ድምፅ ሆነ። ከአጠገቧ የመኪና በር ሲዘጋ ትሰማለች፤ ከመኪናው የወረደው ይሄ ሰውዬ ይመስላታል።

ከእኔ ያልወጣው ግን መጨረሻው ነው። ዓይኗ በርቷል። በር ላይ የቆመውን ቡትቷም ሰው አታውቀውም። አዝናለት ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ትይዛለች። ያኔ ጣቷ ያውቀዋል። ዓይኗ ያላወቀውን እጇ አወቀው። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠራርግ ነበር። እኔ የማየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እሱን ነበር መሰለኝ።

ሁለተኛው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ የብስክሌት ሌቦች ነው፤ እ.ኤ.አ. 1948። ይህንን ያየሁት ተማሪ ሆኜ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሮም አንድ ሥራ ያጣ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል። የሱ ብስክሌት ደግሞ በብድር መያዣነት ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላቸውን አስይዛ ታስለቅቅለታለች። በሥራው የመጀመሪያ ቀን ብስክሌቱን ይሰርቁታል። ከትንሽ ልጁ ጋር ሮምን ሲያስሱ ይውላሉ። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ እሱ ራሱ ይሰርቃል፤ ይያዛል። ሰው ከቦ በጥፊ ይለዋል። ልጁ እያለቀሰ የአባቱን ባርኔጣ ከመሬት ያነሣል፤ አቧራውን ያራግፍለታል። ባለ ብስክሌቱ ልጁን ሲያይ ይተዋቸዋል። አባትና ልጅ ከሕዝቡ ጋር ይሄዳሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው።

ያንን አባት ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ አልነበረም፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ትከሻው ይናገራል። እንደዚያ ያለ ትከሻ አውቃለሁ።

አሥር ዓመቴ ገደማ ነበር። እንዲሁ እንደ ዛሬው ዋዜማ። አባቴ በግ ሊገዛ ወጣ። ግርግሩ ውስጥ ኪሱን አወለቁት። ሲመሽ አንድ እስር ቄጠማ ብቻ ይዞ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ደፉ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ምንም አላለችውም። በማግሥቱ ለመስከረም አንድ ሽሮ በላን። ከሰዓት በኋላ "ና እስቲ፣ ፒያሳ እንውረድ" አለኝ። ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ቆመን ፖስተሮቹን አየን። አልገባንም። ከዚያ ተመለስን። ስንመለስ አባቴ እጄን ያዘኝ። ያ ቀለም ያለበት እጁ ሞቅ ብሎኝ ነበር።

እሑድ ቡና ላይ ይህን ስተርክ የብስክሌት ሌቦችንም እንዲሁ ብዬ ተረክሁ። "በመጨረሻ አባትየው የልጁን እጅ ይይዛል" አልኩ። ሃያ ዓመት ለብዙ ሰው እንደዚያ ስናገር ኖሬያለሁ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ፊልሙን ከፍቼ አየሁት። ተሳስቻለሁ። አባትየው አይደለም። እያለቀሰ ነው፤ ልጁን ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል። እጁን የሚይዘው ልጁ ነው። ትንሿ እጅ ናት መጥታ ትልቁ ውስጥ የምትገባው።

ደጋግሜ አየሁት። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፊልሙን የቀየርኩት ትዝታዬን አምኜ ነው። ታዲያ ትዝታዬስ? ያን ቀን ከፒያሳ ስንመለስ ማን ነበር የማንን እጅ የያዘው? አባቴን መጠየቅ አልችልም፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ጠዋት እናቴን ጠየቅኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። "እኔ ምን አውቄ፣ ቤት ነበርኩ" አለችኝ። ቆይታ ግን፣ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ "ስትመለሱ ግን ፊቱ ተመልሶ ነበር" አለች።

አሁን መሽቷል። የእህቴ ልጆች ችቦ ሊለኩሱ ነው፤ እየጠሩኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳው ሰፈራችን ከዶሮ ማነቂያ ተነሥታችሁ በየአቅጣጫው ለሄዳችሁ የድሮ ጎረቤቶቼ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጣበን የተቀመጥን ልጆች፣ መጋረጃው ሲገለጥ "ዝጋው!" እያልን የጮህን፣ ሁላችሁም በያላችሁበት። አባት ወይም እናት በሌለበት ማዕድ ለምትቀርቡም፣ በተለይ ለእናንተ።

ጻፉልኝ። ያቺን የማትረሷትን ቦታ ንገሩኝ። አጠገባችሁ ማን ተቀምጦ እንደነበርም ጨምሩበት።

መልካም አዲስ ዓመት!