በቀላል ነፋስ ዊንግ ፎይል፦ መጀመሪያ ቦርዱ፣ ዊንጉ በኋላ ይደርሳል

ዊንግ ፎይል የለመደ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ነፋሱ ከ10 ኖት በታች ሲሆን ምን ይሻላል? አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የምናወራው ፊትን ዳሰስ አድርጎ ስለሚያልፍ፣ ቅጠል ከማወዛወዝ ብዙም ስለማይዘል ነፋስ ነው። እኔ አሁን 8 እና 9 ኖት ላይ እነሳለሁ። እዚህ የደረስኩት ዕቃዬን አንድ በአንድ እየቀየርኩና እየሞከርኩ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያወጣው ቅድሚያ በማይሰጠው ነገር ላይ ይመስለኛል።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፣ ዊንግ ማለት በአየር የሚነፋ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ሸራ ነው። ከቦርዱ ሥር ደግሞ ምሰሶ አለ፤ ከምሰሶው ጫፍ ላይ የፊትና የኋላ ክንፍ ያለው ፎይል ይታሰራል። ፎይሉ ውሃ ውስጥ ሲሮጥ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ላይ ይገፋል፣ ቦርዱም ከውሃው ይላቀቃል።

ከባዱ ሥራ መነሳቱ ነው። አንዴ ከተነሳችሁ ቦርዱ ውሃ ስለማይነካ ጉተታው በእጅጉ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ የራሳችሁ ፍጥነት ተጨማሪ ነፋስ ይፈጥርላችኋል። በጭራሽ ልነሳበት በማልችለው ነፋስ፣ አንዴ ከተነሳሁ በኋላ ግን ረጅም መንገድ ሄጃለሁ። ስለዚህ ለቀላል ነፋስ ዕቃ ስመርጥ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ይሄ ዕቃ ቶሎ እንድነሳ ያግዘኛል ወይስ አያግዘኝም?

አብዛኛው ሰው የሚያስበው ትልቅ ዊንግ ነው። ነገሩን በቁጥር እንየው። የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ ከ16 ወደ 8 ኖት ሲወርድ ጉልበቱ ሩብ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። በ16 ኖት 4 ካሬ ሜትር ዊንግ የሚበቃው ሰው፣ የጎደለውን በዊንግ ብቻ ልሙላ ቢል 16 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል። ያንን በእጁ የሚይዝ ሰው የለም። የጎደለው ጉልበት ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ያ ቦታ ደግሞ ከእግራችሁ ሥር ነው።

ለኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ቦርዱ ነው። አጭርና ሰፊ ቦርድ ለጠንካራ ነፋስ ግሩም ነው፤ ይዞራል፣ ይዘላል፣ አያስቸግርም። በቀላል ነፋስ ግን አፍንጫው ፊት ውሃ ይቆልላል፤ ያንን ክምር እየገፋችሁ ፍጥነት መሰብሰብ አይቻልም። አሁን የምጠቀምበት ቦርድ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል፣ ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ውሃውን ሰንጥቆ ያልፋል። ገና ሳይነሳ፣ ውሃ ላይ እያለ ይሮጣል፤ ፎይሉ ለመግፋት የሚፈልገው ይህንኑ ፍጥነት ነው። የቦርዱን መጠን በተመለከተ (የማንሳፈፍ አቅሙ በሊትር ይለካል) ለቀላል ነፋስ የምከተለው፣ የሰውነት ክብደት በኪሎ ላይ ከ20 እስከ 30 ሊትር መጨመር ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ95 እስከ 105 ሊትር ቢፈልግ ይመቸዋል። ነፋስ በሌለበት ቆማችሁ መጠበቅ የምትችሉት እንዲህ ሲሆን ነው። ቦርዱ እግር ሥር ከሰመጠ በየደቂቃው መውደቅ ነው፣ ጉልበት ደግሞ የሚያልቀው በመውደቅ ነው።

ጠባብ ቦርድ ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ይሄ እውነት ነው። መጀመሪያ በጉልበቴ ተንበርክኬ ዊንጉን ከራሴ በላይ አነሳለሁ፤ ነፋሱ ዊንጉን ሲሞላውና ትንሽ ደግፎ ሲይዘኝ ነው የምቆመው። እግሮቼ የቦርዱን መሃል መስመር አይለቁም። ከለመዳችሁት በኋላ መወዛወዙን ትረሱታላችሁ።

ቀጥሎ ፎይሉ። እዚህ ሁለት ዓይነት ሐሳብ አለ፣ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። አንደኛው የፊት ክንፉ በጣም ትልቅ፣ ወፍራምና አጠር ያለ ይሁን ይላል፤ ለምሳሌ 2000 ካሬ ሴንቲ ሜትር። በዝግታም ቢሆን ያነሳችኋል፣ ግን ነፋሱ ትንሽ ፋታ ሲወስድ ወዲያው ይቆማል። ሁለተኛው ረጅምና ቀጭን ክንፍ ነው። የክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመት በራሱ አባዙና ለጠቅላላ ስፋቱ አካፍሉት። 110 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ 8.6 ገደማ ይሰጣል። ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ክንፉ በትንሽ ጉልበት ረጅም ይንሸራተታል። ለመነሳት ትንሽ ተጨማሪ ፍጥነት ይጠይቃል፣ ረጅሙ ቦርድ ግን ያንን ይሰጠዋል። ቦርዱና ፎይሉ አብረው ካልተመረጡ ገንዘቡ በከንቱ ይሄዳል የምለው ለዚህ ነው። አጭር ቦርድ ላይ ቀጭን ክንፍ ብታስሩ መነሻ ፍጥነት ታጣላችሁ፤ ረጅም ቦርድ ላይ ወፍራም ክንፍ ብታስሩ ደግሞ ቶሎ ተነስታችሁ ቶሎ ትቀመጣላችሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ግን ቦርዱን አስቀድሙ።

ረጅም ክንፍ ጠባዩን ይፈልጋል። ፍጥነቱ በጣም ሲወርድ ሳያስጠነቅቅ ይጥላል፣ ስትዞሩ አብዝታችሁ ካጋደላችሁ ጫፉ ከውሃ ይወጣል። ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ።

ምሰሶው የማይተጣጠፍ ቢሆን ይመረጣል። በእግር ስትገፉ ምሰሶው ከተጠማዘዘ ጉልበታችሁ እዚያው ይቀራል፤ በጠንካራ ነፋስ ብዙም አይታወቅም፣ በቀላል ነፋስ ግን እያንዳንዷ ግፊት ትቆጠራለች።

አሁን ወደ ዊንጉ። እኔ 6 ካሬ ሜትር ላይ ቆሜያለሁ። 7 ይዤ ሞክሬያለሁ፤ የሚጨምረው ኃይል እንዳለ ሆኖ ይከብዳል፣ የታችኛው ጫፍም ቶሎ ቶሎ ውሃ ይነካል። ቁመቱ ረዘም ላለና ክብደቱ ለሚበልጥ ሰው 7 ትክክል ሊሆን ይችላል። ከመጠኑ ይልቅ አጥብቄ የማየው አለመተጣጠፉን ነው። አምራቹ ዊንጉ ላይ የጻፈውን የአየር ግፊት ልክ ሳላጎድል እነፋለሁ። የፊተኛው ቱቦ ከለሰለሰ፣ ስትስቡት ዊንጉ ራሱ ይታጠፍና ያወጣችሁት ጉልበት ወደ ቦርዱ ሳይደርስ ይቀራል። እጀታውም የማይተጣጠፍ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ በተለይ ለትልቅ ዊንግ።

አነሳሴን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ዕቃው ብቻውን አያነሳምና። ቆሜ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ውሃውን አያለሁ። ነፋስ ጠንከር ያለበት ቦታ ውሃው ጠቆር ብሎ፣ በደቃቃ ሞገድ ተሸብሽቦ ይታያል። ያ ጥቁር ቦታ እስኪደርስልኝ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ከዚያ በፊት መታገል እጅን ማድከም ብቻ ነው። ሲደርስ አፍንጫውን ትንሽ ነፋሱ ወደሚሄድበት አዞራለሁ። ዊንጉን ከላይ ወደ ታችና ወደ ኋላ ሰፋ አድርጌ እስባለሁ። ስስበው ሰውነቴ ቀለል ይላል፣ ስለቀው ቦርዱን በእግሬ እጫናለሁ፤ ሁለቱ ተራ በተራ መምታት አለባቸው። ብዙ ደካማ ስበት አይረባም፤ ጥቂትና ሙሉ ስበት ነው የሚያነሳው። ከኋላ የሚሰማው የውሃ ድምፅ ይነግራችኋል። መጀመሪያ ጠብ ጠብ እያለ ይመታል፤ ቦርዱ ሊላቀቅ ሲል ወደ ቀጭን ፉጨት ይቀየራል። ያኔ ክብደቴን በትንሹ ወደ ኋላ እወስዳለሁ፣ ቦርዱ ይነሳል። እንደተነሳሁ ወደ ነፋሱ ለመዞር አልቸኩልም። መጀመሪያ ዝቅ ብዬ ፍጥነት እሰበስባለሁ፣ ከዚያ ነው ቀስ እያልኩ ነፋሱን ወደ ጎን የማደርገው።

መዞር ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ነፋሱ 8 ኖት ሆኖ እናንተ ከዚያ በላይ እየሄዳችሁ ነፋሱ ወደሚሄድበት ስትዞሩ፣ ዊንጉ ድንገት ባዶ ይሆናል፤ እንዲያውም ነፋሱ ከፊት የሚመጣ ይመስላል። ነፋሱን ቀድማችሁታልና አትደንግጡ። የሚያሻግራችሁ የፎይሉ መንሸራተትና የእግራችሁ ግፊት ነው፤ ዊንጉ ከዙሩ በኋላ ይሞላል።

ስለ ትንበያም ልጨምር። ትንበያ ላይ የምናየው የነፋስ ፍጥነት ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ነው። ውሃው አጠገብ፣ ዊንጉ ባለበት፣ ያንሳል። ሙቀትም ለውጥ ያመጣል፦ 0 ዲግሪ ላይ ያለ አየር 30 ዲግሪ ላይ ካለው በ10 በመቶ ገደማ ይከብዳል፣ ስለዚህ ያው 9 ኖት በብርድ ቀን የተሻለ ይገፋል። ከትንበያው ይልቅ ዓይኔን አምናለሁ። ውሃው ላይ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ብቅ ማለት ከጀመረ ይበቃኛል። ከ6 ኖት በታች ከሆነ ግን ዕቃዬን አላወርድም።

ቀላል ነፋስ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ዋናው አደጋ መሃል ላይ ጥሏችሁ መጥፋቱ ነው። ከዳር ወደ ውስጥ በሚነፍስ ነፋስ ብቻዬን አልወጣም። መጀመሪያ ወደ ነፋሱ እሄድና ነው ሌላውን የምጫወተው፣ ነፋሱ ቢቆም ወደ ተነሳሁበት እንዲመልሰኝ። ዊንጉንና ቦርዱን ከኔ ጋር የሚያያይዘው ገመድ እግሬ ወይም ወገቤ ላይ ይታሰራል፣ ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት አይቀሩም። ነፋሱ ከነጭራሹ ከጠፋ ዊንጉን በገመዱ ከኋላ አስከትዬ ቦርዱ ላይ በደረቴ ተኝቼ በእጄ እቀዝፋለሁ፤ ረጅሙ ቦርድ እዚህም ላይ ይክሳል።

ገና እየተማራችሁ ከሆነ ግን በዚህ አትጀምሩ። 15 ኖት አካባቢ በሚነፍስ ወጥ ነፋስ፣ ሰፊና የማይወዛወዝ ቦርድ ላይ መነሳትንና መዞርን ተማሩ። ጠባቡን ቦርድና ቀጭኑን ክንፍ ስትገዙም፣ ከተቻለ ከሰው ተውሳችሁ፣ በእናንተው ክብደት፣ በደካማ ነፋስ ቀን ሞክሩት፤ በ20 ኖት የተሞከረ ዕቃ ስለ 8 ኖት ምንም አይነግራችሁም።