የምንገፋው ኳሷን ብቻ አይደለም

ኃይልና መጠነ ቁስ ፍጥንጥነትን (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን) እንዴት እንደሚወስኑ በስፖርት ለመለካት የመረጥኩት የቅርጫት ኳስን የደረት ቅብብል፣ ማለትም ኳሷን በሁለት እጅ ከደረት ገፍቶ መወርወርን ነው። ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ እወረውራለሁ፤ ወገብ ካገዘ የክንድን ኃይል ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ኳሶቹ ሁለት ናቸው፦ 600 ግራም የቅርጫት ኳስና 2 ኪሎ ሜዲስን ቦል (ለልምምድ የሚሆን ከባድ ኳስ)። በእያንዳንዱ አምስት አምስት ጊዜ፣ በየመካከሉ የአንድ ደቂቃ እረፍት። መጀመሪያ ከባዱን ጨርሼ ወደ ቀላሉ ስሄድ ድካሙ ልኬቱን አዛባብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አፈራርቃቸዋለሁ።

ስልኩ ከጎን፣ ከኳሷ መስመር 3 ሜትር ርቆ በሰከንድ 240 ምስል ይቀርጻል። ኳሷ ከእጅ ከወጣች በኋላ በ10 ምስሎች 25 ሳንቲ ሜትር ከሄደች ፍጥነቷ በሰከንድ 6 ሜትር ነው። እጅ የገፋበትን ርቀት ከቪዲዮው ሳይሆን በቀጥታ በሜትር ለክቼ 0.5 ሜትር ካገኘሁ፣ 6ን በራሱ አባዝቼ ለርቀቱ እጥፍ አካፍላለሁ፤ አማካይ ፍጥንጥነቱ 36 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ቪዲዮው ሲታይ በሰከንድ 30 ምስል ስለሚሄድ፣ ጊዜውን ከማጫወቻው ሰዓት የወሰደ ሰው ፍጥንጥነቱን 64 ጊዜ ያሳንሰዋል። በቪዲዮው ላይ የኳሷን ርቀት የምናነብበትን ማስመሪያ ከኳሷ መስመር 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያቆመ ደግሞ ፍጥነቱን 10 በመቶ፣ ፍጥንጥነቱን 21 በመቶ ያጋንናል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ቀመሩ ነው፤ ኃይል ለመጠነ ቁስ ሲካፈል ፍጥንጥነትን ይሰጣል የሚለው። 2 ኪሎዋ 36 ካገኘች፣ ኃይሉ ካልተለወጠ 600 ግራሟ 120 ማግኘት ነበረባት፤ ግን አታገኝም፣ አጠገቡም አትደርስ። ለምን ቢባል ክንድም አብሮ ይፈጥናል። ለስሌት ያህል ሁለቱ ክንዶች እንደ 2 ኪሎ ይቆጠሩ፣ ኃይሉም 144 ኒውተን (የኃይል መለኪያ) ይሁን። 144 ለ4 ሲካፈል 36፣ ለ2.6 ሲካፈል 55 ግድም ነው። በአንድ እጅ ሲወረወርም እንዲሁ ነው፤ ኃይሉ በግማሽ ቢቀንስም የሚገፋው የአንድ ክንድ መጠነ ቁስ ብቻ ስለሆነ ከባዷ ኳስ 18 ሳይሆን 24 ታገኛለች።

ስለዚህ አሁን ስሌቱን ገልብጬ እሠራለሁ፤ ከሁለቱ ኳሶች ፍጥንጥነት ተነስቼ የክንዱን ድርሻ አወጣለሁ። ውጤቱ ከእውነተኛው በዛ ሊል ይችላል፤ ጡንቻ በፈጠነ ቁጥር የሚያወጣው ኃይል ስለሚቀንስ፣ ቀላሏ ኳስ የምታገኘው ግፊት ያነሰ ነው።