ሞግዚቶች ከመስከረም በፊት ይመርመሩ ወይ?

ልጄ የምትውልበት የሕፃናት ማቆያ ክረምቱን ተዘግቶ ከርሞ በመስከረም አጋማሽ ሊከፈት ነው። ባለፈው እሑድ አስተዳደሩ ወላጆችን ሰብስቦ አንድ ጥያቄ አቀረበልን፤ ሞግዚቶቹ፣ ምግብ አብሳይዋና የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የጤና ምርመራ አድርገው ውጤቱን ያምጡ ወይስ አያምጡ? ይመርመሩ ብሎ እጁን ያላወጣ ወላጅ አልነበረም፤ እኔም አውጥቻለሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን የምርመራውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንና ታማሚ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ሲከነክነኝ አመሸ።

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ልጄን ልወስድ ሄጄ ነበር። ልጆቹ «እታለም» የሚሏት ሞግዚት ሦስት ሕፃናትን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ አጥሚት ታጠጣለች። ሳል ሲመጣባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ጋብ ሲልላት ማንኪያውን ከንፈሯ ላይ አስነክታ ሙቀቱን ትለካና በዚያው ማንኪያ ለልጆቹ ትሰጣለች። መቼ እንደጀመራት ስጠይቃት «ከፋሲካ ወዲህ ነው፣ እኅቴ፤ ሌሊት ሌሊትም ያልበኛል» አለችኝ። ለምን ጤና ጣቢያ እንዳልሄደች ስጠይቃት ደግሞ የቀረችበት ቀን ደመወዝ እንደሚቆረጥባትና በእሷ ቦታ የሚቆም ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። ከራስጌዋ በመስታወት ገብቶ የተሰቀለው ወረቀት፣ እሷን ጨምሮ ሠራተኞቹ በሙሉ በመስከረም ተመርምረው ጤነኛ መሆናቸውን ይገልጻል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ የሚያስፈልገው ምልክት ነው፤ የሌሊት ላብ ሲታከልበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ትንንሽ ልጆች ቲቢ የሚይዛቸው በአብዛኛው አብሯቸው ከሚውል ወይም ከሚኖር አዋቂ ሲሆን፣ ጀርሙ ከገባባቸው በኋላ ለበሽታው የመጋለጥ ዕድላቸው ከአዋቂዎች የከፋ ነው፤ የአንጎልን ሽፋን የሚያጠቃው ዓይነትም በእነርሱ ላይ ይበረታል። ሲወለዱ የሚሰጣቸው የቢሲጂ ክትባት እንዲህ ያለውን ጽኑ ሕመም ይቀንሳል እንጂ ጀርሙ እንዳይተላለፍባቸው ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ሞግዚቷ በማግሥቱ አክታዋን አስመረመረች። ቲቢ አልነበረም፤ በታዘዘላት መድኃኒትም ተሽሏታል። እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ቲቢ ቢሆን ኖሮ፣ ያ የመስከረም ወረቀት በሚያዝያ ስለጀመረ ሳል ሊነግረን የሚችለው አንዳች ነገር አልነበረም።

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ተዘግተው በ2013 በየደረጃው ሲከፈቱም ብዙዎቻችን የተጨነቅነው በዚሁ ጉዳይ ነበር። ያን ጊዜ እንደተረዳነው፣ ከአፍንጫ የተወሰደ ናሙና የሚናገረው ስለተወሰደበት ቀን ብቻ ነው፤ በቫይረሱ የተያዘ ሰው ምልክቱ እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል፣ ሰኞ ነጻ የተባለ ሰው ሐሙስ ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስለ ታይፎይድም አንድ ነገር ልበል። በስብሰባው ላይ ብዙዎቹ የጠየቁት የደም ምርመራ ነው፤ በየክሊኒኩ የተለመደው ዊዳል ማለት ነው። ይህ ምርመራ የሚለካው ሰውነት ለጀርሙ የሰጠውን ምላሽ ስለሆነ፣ ቀድሞ ታሞ የዳነውን ሰው ዛሬም ታማሚ ሊያስመስለው ይችላል፤ ሳይታመም ጀርሙን በሆዱ የሚሸከመውን ሰው ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ለዚህኛው የሚበጀው የሰገራ ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ከሰገራው በላብራቶሪ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ ነው። እንግዲህ ምግብ አብሳይዋን በዊዳል ውጤት ከሥራ ማገድ፣ እሷንም መበደል ነው፤ ልጆቻችንንም አይጠብቅም።

ከወላጆች አንዱ ኤች አይ ቪም ይጨመር ብለው ነበር። በማቀፍ፣ በማብላትና ገላ በማጠብ የማይተላለፍ በሽታ በምን ምክንያት እንደሚጠየቅ አልገባኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ሠራተኛ ለጤና ምርመራ እንዲቀርብ ሲፈቅድ ይህን ምርመራ ለይቶ አስቀርቶታል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ደኅና ሠራተኛ ከማሳጣት ውጪ የሚፈይደው የለም፤ ዳግመኛ ባይነሣ እወዳለሁ።

ስለዚህ ምርመራው ይደረግ እላለሁ፤ ለቲቢ ምልክት ያለባት ሠራተኛ አክታዋን ታስመርምር፣ ወጪውንም አሠሪው ይሸፍን። ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን የታመመች ሠራተኛ ደመወዟ ሳይነካ ቤቷ መቅረት መቻሏ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ ስትቀር ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ደግሞ ግማሽ ደመወዝ እንዲከፈላት ይደነግጋል። ያቺ ሞግዚት ይህን አታውቅም ነበር፤ እኔም ብሆን ያወቅሁት ከእሷ ጋር ከተነጋገርን በኋላ አዋጁን ፈልጌ ሳነብ ነው። እንደ እሷ ያለች ሴት ደመወዟ እንደሚቆረጥ እያወቀች ሳሏን ብትደብቅ ልፈርድባት አልችልም።

ምርመራ የማይፈታው የእጅ መታጠቢያውም ነገር አለ። የከተማችን የውኃ ችግር የታወቀ ነው፤ ቧንቧው በሚጠፋባቸው ቀናት የማቆያው ሮቶ ባዶ ሆኖ፣ ዳይፐር የቀየረች እጅ በአንድ ጆግ ውኃ ለቅለቅ ብላ ወደ ምግቡ ስትመለስ አይቻለሁ።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባው ይቀጥላል። ለአንዲት ተተኪ ሞግዚት ደመወዝ እያንዳንዱ ወላጅ በየወሩ የድርሻውን እንዲያዋጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሞግዚቶቹም ስብሰባው ውስጥ ተቀምጠው እንዲናገሩ እጠይቃለሁ፤ ባለፈው እሑድ ስለ እነርሱ ስንወስን እነርሱ በረንዳው ላይ ሆነው ልጆቻችንን ይጠብቁልን ነበር።