ሌሊት የሚወለዱ ጥጆች

«አቦ ዶክተር፣ ጥጆቼ አለቁ! ጠንከር ያለ መርፌ ይዘህ ድረስልኝ።» የደወሉልኝ ድሬዳዋ ዳር የወተት ላም የሚያረቡ እናት ናቸው።

በረታቸው ንጹሕ ነው። ላሞቹም አልከሱም። አንድ እንቦሳ ግን ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ኋላው በተቅማጥ ተለውሶ ተጋድሟል። የጨውና የስኳር ውህድ እያጠጣሁት ላሞቹን የሚጠብቀውን ልጅ ጠየቅኩት። የትኛው ሞተ? የትኛው ተረፈ? መቼ ተወለደ? እየቆጠረ ሲነግረኝ ነገሩ ፍንትው አለ። የሞቱት በሙሉ ሌሊት የተወለዱ ናቸው። ቀን የተወለዱት ይቦርቃሉ።

«ሌሊት የተወለደው እንገሩን መቼ ያገኛል?»

«ጠዋት ነው። የመጀመሪያውን ለቤት እናፈላዋለን፤ እሱ ቀጥሎ ይጠባል።»

መርፌ ይህን አይተካም። የሰው ልጅ ከእናቱ ማህፀን መከላከያ ይዞ ይወለዳል። ጥጃ ግን ባዶውን ነው የሚመጣው፤ የላም የእንግዴ ልጅ ፀረ እንግዳ አካላትን አያሳልፍም። ላሟ የልጇን ስንቅ የምትቋጥረው እንገሩ ውስጥ ነው። ሰዓትም አለው። የእንቦሳ አንጀት እነዚህን አካላት ወደ ደም የሚያሳልፈው ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ይበልጥ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት። ከ24 ሰዓቱ በኋላ ቢጠጣ ሆዱ ይሞላል እንጂ ወደ ደሙ አይዘልቅም። የራሱን መከላከያ እስኪገነባ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ጀርሙ ያን ያህል አይጠብቅም።

«እኛ እኮ በእንገር ነው ያደግነው» አሉ እትዬ፣ ቅር ብሏቸው። እውነታቸውን ነው፤ እንገር የማይወድ ማን አለ? ግን ጥጃው ይቅደም አልኳቸው። 30 ኪሎ ለሚመዝን 3 ሊትር ያህል፤ የተረፈው የቤት ነው።

የታመመውን ማትረፍ አልቻልንም። ሌላ ላም ሌሊት ምጥ ሲይዛት ግን ጠሩኝና ሄድኩ። እንገሩ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነው። ጡጦውን ስናስጠጋው እንቦሳው ራሱን ነቀነቀ። ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ ምላሱን ስነካው መምጠጥ ጀመረ፤ ቀስ ብዬ በጡጦው ተካሁት። ጎንበስ ብለው የሚያዩት እትዬ «እናቱ እንገር ባይኖራትስ?» አሉኝ።

ከሌላ ጤነኛ ላም የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ፣ ሲፈልጉ ለብ ባለ ውሃ ያቅልጡት፣ እሳት ላይ ከጣዱት መከላከያው ይጠፋል አልኳቸው። አሁን ጠርሙሱ ላይ ቀን እየጻፉ ያስቀምጣሉ። በቅርቡ የጎረቤታቸው ላም ወልዳ ስትሞት ከዚያው አውጥተው ሰጧቸው።