በሬዎቹ አልተሸጡም

ዛሬ አንጎለላ እህቴ ቤት ዋልኩ። ልጇ ሜዲስን ልትማር ነው። አባቷ አዲስ አበባ ካለ የግል ኮሌጅ የክፍያ ወረቀት ይዞ መጥቷል። "ስም ያለው ነው፤ በሬዎቹን እሸጣለሁ" አለ። እህቴ የገብስ ቆሎዋን እያመሰች ዝም።

ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። "አባዬ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ። ወጪ መጋራቱን ተመርቄ ስሠራ እከፍላለሁ።"

አንጀቴን በላችው። ጥቁር አንበሳ ቢደርሳት እኔም ደስታውን አልችለውም፤ ስም ያጓጓል። ግን ሜዲስን ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ በሬ የሚሸጠው ደግሞ አንዴ። የሙያ ፈቃድ ፈተናውም የትም ብትማር አይቀርላትም።

አባቷ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። "እስቲ ለበሬዎቹ ድርቆሽ ልስጣቸው" ብሎ ወጣ።