«ምንድን ነው?» ከማለት በፊት ጠጋ ብሎ ማየት

አብስትራክት ሥዕል (ሰውን ወይም ዕቃን እንዳለ የማያሳይ፣ በቀለምና በመስመር ብቻ የሚናገር) ፊት የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ስድስት ኪሎ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል በሚባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ፣ በቅርቡ አንዱ ለጓደኛው «ባክህ ይሄንንማ የእህቴ ልጅም ይሞነጫጭረዋል» ሲል ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ ጠጋ በል፤ የሰዓሊው እጅ የት ጋ እንደፈጠነ፣ የት ጋ እንደዘገየ ተከተለው» አልኩት። እውነቴን ነው፣ እነዚህን ሥዕሎች ማየት የሚጀመረው ከዚህ ነው። ምን ይመስላል ሳይሆን እንዴት ተሠራ።

አብስትራክት ኤክስፕረሽኒዝም የሚባለው፣ ስሜትን በቀለምና በእጅ እንቅስቃሴ የሚገልጸው የአሣሣል ስልት የበቀለው ኒው ዮርክ ነው፣ በ1940ዎቹ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አውሮፓ በጦርነት ስትነድ ብዙ ሰዓሊያን ሸሽተው ኒው ዮርክ ገቡ። ከነሱ መሀል ሰሪያሊስቶቹ (ከሕልምና ከውስጥ ስሜት የሚሥሉት) እጅ ከሐሳብ ቀድሞ እንዲሄድ የሚፈቅድ አሣሣል ይዘው መጡ። የኒው ዮርክ ወጣት ሰዓሊያን ያንን ተቀበሉና አገዘፉት። ደግሞ ብዙዎቹ ራሳቸው ስደተኞች ነበሩ። ደ ኩኒንግ ከሆላንድ በ1926 መርከብ ውስጥ ተደብቆ የገባ ነው። ሮትኮ የተወለደው ዛሬ ላትቪያ በምትባለው አገር ነው። አርሺል ጎርኪ ደግሞ አርመን ነው፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፈ፣ እናቱ በረሃብ የሞተችበት። ተፈሪ መኮንን በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ለምናውቅ ለአዲስ አበባ ሰዎች ይሄ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ ያው የአንድ መከራ ልጆች ናቸው።

ከነዚህ የኒው ዮርክ ሰዓሊያን አሜሪካዊውን ጃክሰን ፖሎክን ብዙ ሰው በስም ያውቀዋል። ከ1947 ጀምሮ ሸራውን ወለል ላይ ዘርግቶ፣ በአራቱም በኩል እየዞረ፣ ለበርና ለመስኮት የሚቀባውን ተራ ቀለም በእንጨትና በደረቀ ብሩሽ ያፈስበት ነበር። ይሄ ቀለም ቀጭን ነው፣ ሳይቆረጥ ረጅም ይሄዳል። እጁ ሲፈጥን መስመሩ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ያብጣል፣ ቆም ሲል ይቋጥራል። ስለዚህ ሸራው ላይ የቀረው የሰውየው እርምጃና የክንዱ ውርወራ ነው። መሀል የለው፣ ዳር የለው፣ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ቦታ የለው። ሕፃን ልጅ ይሞነጭራል፣ እሺ፣ ግን ከአምስት ሜትር በላይ የሚሰፋ ሸራ ላይ ያንን ሚዛን ከዳር እስከ ዳር አይጠብቅም።

ሮትኮ ሌላ ነው። ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ እየደራረበ፣ ጫፉ የደበዘዘ አራት ማዕዘን ይሠራል። ተመልካቹ በጣም ቀርቦ እንዲቆም ይፈልግ ነበር። ሴቶቹም አሉ፣ ሊ ክራስነር፣ ጆአን ሚቼል፣ ሄለን ፍራንከንታለር፤ የሚገባቸውን ያህል አልተነገረላቸውም፣ ያናድደኛል።

ወደኛው ልምጣ። ማዕከሉ በስሙ የተጠራው ሰዓሊ ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ ተመልሶ እዚሁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1960ዎቹ ሥዕሉን ሲያሳይ «ይሄ ኢትዮጵያዊ አይደለም» ተባለ። እኔ በፍጹም አልስማማም። «ጎልጎታ» የሚለው ሥዕሉ ላይ ያለውን ቀይ ያየ ሰው፣ ስቅለትን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየ ላደገ ሰው የተሣለ መሆኑን አይስተውም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ፤ በኋላ ተሰደደ፣ በ1981 አሜሪካ ሞተ። ገጣሚም ነበር፣ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በግጥሙ ነው፣ ሥዕሉን ግን ሄዶ ያየው ስንቱ ነው?

በስልክ አይታይም ይሄ ነገር። የቀለሙ ውፍረት ይጠፋል፣ ስፋቱ ይጠፋል፣ የእጁ ፍጥነት ይጠፋል። አራት ኪሎ ቡና የምትጠጡ ሰዎች፣ ታክሲ እንኳ አያስፈልጋችሁም፣ ወደ ስድስት ኪሎው ማዕከል በእግር ውጡ። የሥዕል መምህራን ደግሞ እባካችሁ ተማሪዎቻችሁን ውሰዱ፣ እና ገና በር ላይ ትርጉሙን አትንገሯቸው።