«ትል ደግሞ ምን ዘር አለው?»

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ሱሉልታ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጓንቴን አጥልቄ ከአንድ ዳማ ፈረስ ኋላ ቆሜያለሁ። ፋንድያ እስኪጥል እየጠበቅኩ ነው።

ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ ባለጋሪ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ በዚህ ብርድ ያስወጣህ ፋንድያ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ፈረስዎ ሆድ ውስጥ ያለው ትል ዘሩ ምን እንደሆነ ላጣራ ነው።»

«ትል ደግሞ ምን ዘር አለው? ትል ትል ነው።»

ያኔ በደንብ አልመለስኩላቸውም። ጋሪው ሊወጣ ነበር፣ እኔም ገና አምስት ቤት ይቀረኝ ነበር። ጥያቄያቸው ግን ጥናቱ እስኪያልቅ ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ልመልስላቸው የሚገባኝን ነው። ይህን ሥራ ሊጀምር ያሰበ ተማሪ ካለም እኔ የወደቅኩበት ቦታ ላይ እንዳይወድቅ ብዬ ነው።

ፈረስ አንጀት ውስጥ ከሚኖሩት ትሎች ትናንሽ ስትሮንጋይል የሚባሉት ብቻ 50 ያህል ዝርያ አላቸው። አንድ ፈረስ በአንድ ጊዜ ብዙዎቹን ሊሸከም ይችላል። እንቁላላቸው ግን በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ነው፤ ሞላላ፣ ቅርፊቱ ስስ። የትልልቆቹ ስትሮንጋይሎች እንቁላልም በዓይን ከእነሱ አይለይም። ጉዳታቸው ግን በጣም ይለያያል። ስትሮንጋይለስ ቩልጋሪስ የሚባለው ትልቁ ትል እጭ ሳለ አንጀትን ወደሚመግበው የደም ቧንቧ ገብቶ ያቆስለዋል። ደም ይረጋል፣ አንጀቱ ደም ያጣል፣ ፈረሱ በሆድ ቁርጠት መሬት ላይ ይንከባለላል። የትናንሾቹ እጮች ደግሞ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ተሸሽገው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይተኛሉ። በዚያ ጊዜ እንቁላል ስለማይጥሉ ምርመራ ላይ አይታዩም።

እንቁላል መቁጠር ከባድ አይደለም። 4 ግራም ፋንድያ በ56 ሚሊ ሊትር የጨው ሙሌት ውስጥ ይበጠበጣል፣ ይጠለላል፣ ማክማስተር በሚባለው ባለ መስመር መስታወት ላይ ይታያል። በሁለቱ ክፍሎች የተቆጠረው በ50 ሲባዛ በአንድ ግራም ፋንድያ ውስጥ ስንት እንቁላል እንዳለ ይገኛል። ቁጥሩ ይገኛል፤ ስሙ ግን አይገኝም። ወደ ዲኤንኤ የሄድኩት ስሙን ፍለጋ ነው።

የምናነበው አይቲኤስ-2 የሚባል አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም፤ ከዝርያ ወደ ዝርያ ግን ይለያል። ለዚህ ነው እንደ መታወቂያ የሚያገለግለው።

የመጀመሪያ ስህተቴ ፋንድያ ከመሬት ማንሳቴ ነበር። ጋጣ ውስጥ ያደረውን ለቅሜ ለ10 ቀን ሙቀት ውስጥ አስቀመጥኩት። እጮቹ ፈልተው ሳያቸው ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ዲኤንኤ አወጣሁ፣ ፒሲአር ሠራሁ (የሚፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ የሚያባዛ ዘዴ ነው)፣ ፊደሎቹን አስነበብኩ። ውጤቱ ሲመጣ አብዛኛው አፈር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚኖር ትል ሆኖ ተገኘ። ከፈረስ ሆድ ጋር ምንም አያገናኘውም። የስንት ሳምንት ልፋትና ገንዘብ አፈር በላው። አማካሪዬ አልተቆጡኝም። «ዲኤንኤ ከማውጣትህ በፊት በዓይንህ አይተኸዋል?» ብቻ አሉኝ። አላየሁም ነበር።

አሁን ሁልጊዜ አያለሁ። የስትሮንጋይል ሦስተኛ ደረጃ እጭ ከላዩ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ከጭራው አልፎ እንደ ክር ይረዝማል። የአፈሩ ትል ይህ ሽፋን የለውም። አዮዲን ጠብ ሲደረግበትም ፈጥኖ ይጠቁራል፤ ሽፋን ያለው ይዘገያል። የአንጀታቸው ሴል እንኳ ይቆጠራል፦ የአብዛኞቹ ትናንሽ ስትሮንጋይሎች 8 ነው፣ የቩልጋሪስ ግን ከ28 እስከ 32 ነው። አንድ ጠብታ አዮዲንና ሩብ ሰዓት ያን ሁሉ ኪሳራ ያስቀሩልኝ ነበር።

አወሳሰዴንም ቀየርኩ። ወይ ሲጥል በእጄ እቀበላለሁ፣ ወይ ረጅም ጓንት አድርጌ ከፊንጢጣው አወጣለሁ። ፌስታሉን ሞልቼ አየሩን አስወጥቼ አስረዋለሁ፤ ከዚያ በረዶ ያለበት ሳጥን። ሙቀትና አየር ካገኘ እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሊፈለፈል ይችላል፣ የሱሉልታ መንገድ ደግሞ መቼ እንደሚዘጋጋ አይታወቅም። ናሙናውን ሁለት ቦታ እከፍላለሁ። እጭ የሚፈለፈልበት አልኮልም ፍሪዘርም አይነካውም። ለዲኤንኤ ብቻ የሚሆነው ግን እዚያው ሜዳ ላይ አልኮል ውስጥ ይገባል። አንድ ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ቀለጠ። የተረፉልኝ አልኮል ውስጥ የነበሩት ናቸው።

ሁለተኛው ፈተና ፒሲአሩ ነበር። ከፋንድያው በቀጥታ ካወጣሁት ዲኤንኤ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ የፒሲአሩ ውጤት እንደ መስመር በሚታይበት ጄል ላይ አንድም መስመር አጣሁ። ዲኤንኤው ጥቂት መስሎኝ መጠኑን ጨመርኩ። ባሰበት። ለካስ ፈረስ ሣር በሊታ ነው፤ ፋንድያው ውስጥ ያሉ የተክል ውህዶች ከዲኤንኤው ጋር ተጣብቀው ይመጡና የፒሲአሩን ኢንዛይም ያፍኑታል። አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባዬ «አቅጥነው እንጂ» አለችኝ። አሥር እጥፍ በውሃ አቀጠንኩት። መስመሩ ወጣ። ያን ማታ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ወደ ቤት ገባሁ።

የእጮቹ ንባብ ሲደርሰኝ ከመጀመሪያዎቹ ስሞች አንዱ ሳይሊኮሳይክለስ ናሳተስ ነበር፤ በብዙ አገር ፈረሶች ላይ በብዛት የሚገኝ ትንሽ ትል። ከሱሉልታ ገብስ ማሳ ዳር ያለ ፈረስ በዓለም ሁሉ የታወቀ ትል ተሸክሟል።

ሳላነሳው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። የፈረስ ወስፋት፣ ፓራስካሪስ፣ ለሥነ ዘር ትምህርት ባለውለታ ነው። ቤልጅየማዊው ኤድዋርድ ቫን ቤነደን በ1883 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከአባትና ከእናት እኩል ክሮሞዞም ወደ ፅንሱ እንደሚገባ ያሳየው በዚህ ትል እንቁላል ነው። ክሮሞዞሞቹ በጣም ጥቂትና ትልልቅ ስለሆኑ በዘመኑ ማይክሮስኮፕ ይቆጠሩ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ይህን ሳነብ ፋንድያ የመንካት ቅሬታዬ ሁሉ ለቀቀኝ።

ወደ ባለጋሪዎቹ ልመለስ። እነሱን የሚያሳስባቸው መድኃኒቱ ነው። አልቤንዳዞልን የመሰሉ መድኃኒቶች ቤታ ቱቡሊን የሚባል ፕሮቲን ላይ ይጣበቃሉ። በጂኑ 200ኛ ቦታ ላይ ቲቲሲ የሚሉት ሦስት የዲኤንኤ ፊደሎች ቲኤሲ ከሆኑ፣ አንድ ፊደል ብቻ ተቀይሮ፣ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። ይህን በዲኤንኤ ማየት ይቻላል። ለሌላው የትል መድኃኒት፣ ለአይቨርሜክቲን፣ ግን እንዲህ ያለ አንድ አስተማማኝ ምልክት የለንም። መድኃኒቱ በተሰጠበት ቀንና ከ14 ቀን በኋላ እንቁላል ቆጥሮ ማወዳደር ግድ ነው። ዲኤንኤ ሁሉን ይነግረኛል ብዬ ማክማስተሩን ንቄ ነበር፤ በጣም ተሳስቻለሁ።

መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት ልክ ነው፤ ክብደቱን አሳንሶ መገመትም ትሉን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል። ዳማው ፈረስ ለባለቤቱ 150 ኪሎ ይመስላቸው ነበር። በሜትር ለካነው፦ የደረቱ ዙሪያ 140 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 130። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዝተን ለ11,880 ስናካፍል 214 ኪሎ ገደማ መጣ። ያ ማለት እስከዚያ ቀን የሚሰጡት መድኃኒት ሲያንስ ነው የኖረው።

ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ «ጋሼ፣ ትል ዘር አለው» አልኳቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እጩ ከፋንድያው ወጥቶ ሣር ላይ እንደሚወጣ፣ ፈረሱም ሲግጥ መልሶ እንደሚውጠው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ተነስተው ልጃቸውን ጠሩትና ባዝራዋ ከውርንጭላዋ ጋር የምትግጥበትን ሜዳ እያሳዩ «ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ያለውን ፋንድያ እየለቀምክ ከጓሮ ውጭ ከምረው» አሉት። ወደኔ ዞረው ደግሞ «የውርንጭላዋንስ መቼ ነው የምትወስደው?» አሉኝ።

ጓንቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።